ባለገንዘቡ ቤት ሲገዛ ባቡሩን ይቆጥረዋል?

በአዲስ አበባ የቤት ገበያ የሰነበተ ደላላ ቪላ ፈላጊ ደንበኛውን ይዞ ሲዞር የሚቀርቡለትን ጥያቄዎች በቃሉ ያውቃቸዋል። ካርታው ንጹሕ ነው? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? አስፋልቱ እስከ በሩ ይደርሳል? ግቢው ስንት መኪና ይይዛል? ጎረቤቱ ማን ነው? ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ጠዋት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ታክሲ የት ነው የሚገኘው?» የሚል ጥያቄ የለም። ደላላው ሳይጠየቅ በራሱ ጊዜ «ጋሼ፣ ባቡሩም እኮ እዚሁ ነው፤ አምስት ደቂቃ አያስኬድም» ብሎ ቢያስታውስ እንኳ ገዢው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው ያልፋል።

ከዚህ በመነሣት በገበያው ውስጥ አንድ ድምዳሜ ሥር ሰዷል። «ሀብታም መኪና አለው፤ መኪና ያለው ሰው ለታክሲ ቅርበት አምስት ሳንቲም አይጨምርም» የሚል ነው። ሻጩም፣ ደላላውም፣ ሪል እስቴት አልሚውም በዚሁ ስሌት ዋጋ ይቆርጣሉ። ድምዳሜው ግማሹ እውነት ነው። ጣጣው ያለው በሌላኛው ግማሽ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ በየዓመቱ ሳይታወቅ የሚፈሰው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

እውነት የሆነውን ግማሽ እናስቀድም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ስለ ከተማ ቦታ ዋጋ ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት እ.ኤ.አ. በ1964 ዊሊያም አሎንሶ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ሐሳቡ ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ሰው ከገበያው መሐል በራቀ ቁጥር ቦታው ይረክስለታል፤ ያተረፈውን ግን በመጓጓዣና በጊዜ መልሶ ይከፍለዋል። እንግዲህ ጊዜው ውድ የሆነ ሰው፣ ማለትም ገቢው ከፍ ያለ ሰው፣ ምን ያደርጋል? ስቲቨን ሊሮይ እና ጆን ሶንስተሊ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት መልስ እስካሁን የሚጠቀስ ነው። አዲስና ፈጣን መጓጓዣ ሲመጣ አስቀድሞ የሚገዛው ባለገንዘቡ ነው፤ በዚያ መጓጓዣ ተጠቅሞ ሰፊ ግቢ ወዳለበት ዳር ይወጣል። ውሎ አድሮ ያው መጓጓዣ ለሁሉም ሲዳረስ መንገዱ ይጨናነቃል፤ የፍጥነቱ ብልጫ ይጠፋል፤ ባለገንዘቡም ወደ መሐል ከተማ ማማተር ይጀምራል። ኤድዋርድ ግሌዘር፣ ማቲው ካን እና ጆርዳን ራፓፖርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ከተሞች ድሆች መሐል ከተማ ላይ የሚበዙበት ዋነኛ ምክንያት የሕዝብ ማመላለሻ እዚያ ስለሚገኝ ነው ብለው ተከራክረዋል። በአጭሩ አውቶቡስና ባቡር የሚስቡት መኪና የሌለውን ነው።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። በድሮው ሰፈር ሀብታምና ድሀ አጥር ተጋርተው ይኖሩ ነበር፤ የባለሥልጣኑ ቪላ ጀርባውን ለቀበሌ ቤት ሰጥቶ መቆሙ የተለመደ ነበር። አንበሳ አውቶቡስና ታክሲው ለአንዱ፣ የቤት መኪናው ለሌላው ከዚያው ከአንድ ሰፈር ይነሡ ነበር። ባለገንዘቡ ለብቻው ተለይቶ መውጣት የጀመረው ቦሌና ኦልድ ኤርፖርት ሲያድጉ፣ በኋላም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሪል እስቴት ኩባንያዎች በምሥራቁ የከተማዋ ጫፍ ቤት መሸጥ ሲጀምሩ ነው። ያስወጣውም መኪናው ነው።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ መጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ሥራ ጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ፤ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ታሪፉ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለቤት ገበያው ይህ እንደ ፈተና ወረቀት የሚታይ ነገር ነው። የሕዝብ ማመላለሻ በባለገንዘቡ ዘንድ ዋጋ ካለው የሰፈሮቹ የደረጃ ቅደም ተከተል መናጋት ነበረበት። ባቡሩ የማይነካቸው ቦሌና ኦልድ ኤርፖርት ጥቂት ሲንሸራተቱ፣ የሚነካቸው እነ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲና ሳሪስ ሽቅብ መውጣት ነበረባቸው።

እንዲህ አልሆነም። ደላሎች ዛሬም የውድ ሰፈሮችን ስም ሲጠሩ ከቦሌና ከኦልድ ኤርፖርት ነው የሚጀምሩት። ባቡር በአጠገባቸው አለማለፉ ያስቀረባቸው ነገር አይታይም። ሲኤምሲና አያት በእነዚህ ዓመታት ዋጋቸው ቢጨምርም ጭማሪውን በባቡሩ ማሳበብ አይቻልም፤ ሰፊው አስፋልት፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታውና የብር መርከስ አብረው የሠሩት ነው። ሳሪስና ቃሊቲም ባቡር ስላለፈባቸው የቪላ ሰፈር አልሆኑም።

እንዲያውም በመስመሩ ዳር ለሚኖረው ባለመኪና ባቡሩ ይዞ የመጣው ዕዳ ነበር ማለት ይቻላል። ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መንገድ መሐል ለመሐል የተዘረጋው ሐዲድ በአጥር የተከለለ ነው። ቀድሞ ፊት ለፊት ይታይ የነበረውን ሰፈር ለመድረስ መኪና እስከሚቀጥለው መዞሪያ መሄድ ግድ ሆነበት። በአንደኛው ዳር ያለው ነጋዴ የማዶውን ደንበኛ አጣ። በጊዜው የተማረሩት ሁሉ ባለሱቆች ነበሩ ሲባል ይሰማል እንጂ ቤት ገዢውም በልቡ ይዞታል፤ «ከባቡሩ የትኛው ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ በምሥራቁ የከተማ ክፍል ከካርታ ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጠባይ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአትላንታ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ለእኛ ደላሎች ትምህርት አላቸው። አርተር ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ጥናት የባቡር ጣቢያ መቅረቡ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰፈሮች የቤት ዋጋ ሲያነሣ፣ ገቢያቸው ከፍ ባለ ሰፈሮች ግን እንደሚጥል አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዴቪድ ቦውስ እና ኪት ኢህላንፌልት እንዳሳዩት ደግሞ ከጣቢያው ሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያሉ ቤቶች ከ3 ማይል በላይ ከራቁት ጋር ሲነጻጸሩ 19 በመቶ ረክሰው ተሸጠዋል። ከ1 እስከ 3 ማይል ባለው ርቀት ላይ ያሉት ግን ከሩቆቹ በልጠዋል። ጣቢያው ጠቃሚ ነው፤ ጫጫታውና ግርግሩ ግን ደጃፍ ላይ አይፈለግም ማለት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ከባቡር ይልቅ በታክሲ ተራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ተራው አጠገብ ያለ ቪላ ከማለዳ ጀምሮ የረዳት ጥሪ ይሰማል፤ በሩ ላይ ጉልት ይዘረጋል፤ ማታ መኪና ለማስገባት ተሳፋሪ «እባካችሁ» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህም ልምድ ያለው ገዢ ከዋናው አስፋልት አንድ ወይም ሁለት ቅያስ ገባ ያለውን ይመርጣል። ሁለት ቅያስ ሲገባ ግን ሳያውቀው ለአንድ ነገር ዋጋ ከፍሏል፤ ታክሲው ሳይሰማው ለታክሲው ቅርብ ሆኗል። የውሸቱ ግማሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት እነማን ናቸው?

አንድ ደህና ቪላ ሲገዛ ገዢው የሚያስበው ስለ ራሱ ጉዞ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን እሱ አንድ ሰው ነው። ተመላላሽ ሠራተኛዋ አለች፤ ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ልጆቹን የምታስጠናዋ መምህርት፣ አንዳንዴም ለታመሙት እናት የምትመጣ ነርስ አለች። አንዳቸውም መኪና የላቸውም። ዱሮ ሠራተኛ ግቢ ውስጥ ነበር የሚያድረው፤ ሰርቪስ ቤት የሚሠራውም ለዚሁ ነበር። ዛሬ የሰርቪስ ክፍል የሌላቸው አፓርትመንቶች በዝተዋል፤ ተመላላሽ መሆን የሚመርጡ ሠራተኞችም እንዲሁ። የሠራተኛ ደላሎች ሥራ ሲያፈላልጉ መጀመሪያ ከሚጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ከፌርማታ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ባለቤቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ ሠራተኛዋ ትጠይቃለች፤ መልሱ ካልጣማትም በደመወዙ ላይ ትጨምርበታለች ወይም ትቀራለች።

በከተማዋ ዳርቻ ካሉት የቪላ ግቢዎች በአንዳንዶቹ ታክሲ ከሚያወርድበት አስፋልት እስከ በሩ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው አለ። ከገቡ ሁለትና ሦስት ወር በኋላ የሚታየው ነገር የታወቀ ነው። ሠራተኛ አይበረክትም። ከመሸ በኋላ የምታስጠና መምህርት አትገኝም። በመጨረሻ የባለቤቱ ሹፌር ጠዋትና ማታ ሠራተኛ አስፋልት ድረስ ያመላልሳል፤ ነዳጁም፣ የሹፌሩ ሰዓትም፣ የመኪናው ጎማም በቤቱ ዋጋ ላይ ያልተጻፈ ጭማሪ ሆነው ይቀጥላሉ። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ያሉት ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ግቢው ሁለት መኪና ቢኖረው፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ሰው ደግሞ አምስት ቢሆን፣ ሦስቱ የሕዝብ ማመላለሻ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ አባወራው ይህን አያየውም እንጂ።

ይህ ወጪ በግዢ ቀን አይታይም። ባለገንዘቡ ለታክሲ ቅርበት አይከፍልም ማለት ሳይሆን፣ የሚከፍለው በኋላ ነው ማለት ይቀላል። ሁለተኛ ቤቱን የሚገዛ ሰው ግን ይህን ቀምሶታል። ልምድ ያላቸው ደላሎች እንደሚያውቁት የጠነከረ ጥያቄ የሚጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው አይደለም፤ አንዱን ሸጦ ሌላ የሚገዛው ነው።

ሁለት ባርኔጣ ያደረገ ገዢ

ከዚህም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ሌላ ነገር ነው። በዚህች ከተማ ገንዘብ ያለው ሰው ቤት የሚገዛው ለመኖር ብቻ አይደለም። ባንክ የሚሰጠው ወለድ የዋጋ ንረቱን ሲሸሽበት፣ ብር ሲረክስ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ በግንብ ውስጥ ይሸሸጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ዝንባሌ ይበልጥ ጸንቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም። እንግዲህ ያው ሰውዬ ጠዋት ለራሱ ቪላ ሲያይ ይውልና ከሰዓት በኋላ ለኪራይ የሚሆን አፓርትመንት ያያል። ስሕተቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መነጽር ማድረጉ ነው። ለኪራይ የሚገዛውንም ቤት እሱ ሊኖርበት እንደሚችል አድርጎ ይመዝነዋል፤ ጸጥታው፣ የሊፍቱ ውበት፣ የመስኮቱ ዕይታ። የሚከራየው ግን ሌላ ሰው ነው። የባንክ ሠራተኛ፣ ሐኪም፣ የድርጅት ተቀጣሪ፣ አዲስ ተጋቢዎች። ከእነዚህ ብዙዎቹ መኪና የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ አንድ ነው፣ እሱም ከባልና ሚስት አንዱ ጋ ይውላል።

ለምሳሌ ያህል ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት አፓርትመንቶች ይታሰቡ። አንደኛው ጸጥ ካለ ሰፈር ውስጥ ነው፤ በወር 40,000 ብር ይከራያል፤ ነገር ግን ተከራይ ሲለቅ ሌላ እስኪገኝ በዓመት ሁለት ወር ባዶውን ይቆማል። በዓመት የሚያስገባው 400,000 ብር ነው። ሁለተኛው ከታክሲ መያዣው ብዙ አይርቅም፤ ቤቱ ያን ያህል አያምርም፤ በ36,000 ብር ይከራያል፤ ግን አንድ ቀን ባዶውን አያድርም። በዓመት 432,000 ብር ያስገባል። ልዩነቱ 32,000 ብር ነው። በወር ኪራይ ብቻ የሚያሰላ ባለሀብት ግን የመጀመሪያውን «የተሻለ» ብሎ ይገዛል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ዝም ይላል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ይህን ስሌት ይበልጥ አክብዶታል። አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን ይላል። አከራዩ እንደ ድሮው በየስድስት ወሩ «ገበያው ጨምሯል» እያለ ከፍ ሊያደርግ አይችልም። በእጁ የቀረው ነገር የሚበረክት ተከራይ መያዝ ነው። ተከራይን ከሚያበረክቱት ነገሮች መካከል ደግሞ ሥራ ቦታው ሳይሰለች መድረሱን የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ለነጋዴው ጉዳዩ ከዚህም የቀለለ ነው። ምድር ቤቱን ሱቅ አድርጎ የሚሠራ ሰው ታክሲ ተራንና ጣቢያን ይፈልጋል፤ ለቪላው እርግማን የሆነው ግርግር ለሱቁ በረከት ነው። በአንድ ሕንጻ ላይ ታች ሱቅ፣ ላይ የቅንጦት አፓርትመንት የሚሠሩ አልሚዎች ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ በር ሊያስተናግዱ ሲሞክሩ የሚቸገሩትም ለዚህ ነው። መግቢያውን በጀርባ ያደረጉት ብልሆች ናቸው።

ጣቢያ ይገዛል ወይስ ምልልስ?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው ተብሎ ተጨማሪ የተከፈለበት ቤት ሁሉ የተገዛው ለሐዲዱ ነበር ወይስ በሐዲዱ ላይ ለሚሄደው? ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት በየጊዜው ከሥራ ወጥተዋል። መለዋወጫው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ታሪፉ የሚሰበሰበው በብር ነው፤ ያውም ወጪውን በማይሸፍን ብር። ባቡሩ ሲጀምር የነበረው የምልልስ ብዛት ሲመናመን ጣቢያው ባለበት ቆሞ ቀረ። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቤትም እንዲሁ። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ የሐዲድ ጥቅሙ ከቦታው አለመነቃነቁ ነው፤ ቤት ሠሪ ተማምኖበት ገንዘቡን ያፈሳል ይባላል። ሐዲዱ እንዳለ ሆኖ ባቡሩ ከቀረ ግን መተማመኛው ሐውልት ነው።

ታክሲው በተቃራኒው ነው። ሁልጊዜ ይመጣል፤ ነገር ግን ነገ የሚቆምበት ቦታ አይታወቅም። ታክሲ ተራ በአንድ ደብዳቤ ይነሣል፤ መንገድ ሲሰፋ፣ የኮሪደር ልማት ሲያልፍ፣ ተራው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ለሕዝብ ማመላለሻ ቅርበት ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ተራ አጠገብ መሆንን ሳይሆን ብዙ መስመር የሚያልፍበት አውራ መንገድ አጠገብ መሆንን ቢመዝን ይሻለዋል። መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም አካባቢ ያለው የዚህ ዓይነቱ ብርታት ነው። አንዱ ተራ ቢነሣ ሌላ አምስት መስመር አለ።

በእነዚህ ዓመታት መኪና መያዝ እየከበደ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ታዲያ ባለገንዘቡ ወደ ባቡርና ወደ አውቶቡስ ይመለሳል ብለው የጠበቁ ነበሩ። አልተመለሰም። የተመለሰው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ይህም በቤት ገበያው ላይ ያመጣው ጥያቄ የጣቢያ ሳይሆን የሶኬት ነው። መኪናው ማታ የት ይሞላል? ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ፓርኪንግ አለ? የሕንጻው ትራንስፎርመር ይችላል? ይህን መመለስ ያልቻለ አፓርትመንት ባቡር ደጁ ላይ ቢቆምለት ባለገንዘቡን አይይዘውም።

አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ያለው ገዢ ግን ሌላ ነው። መካከለኛ ነጋዴ፣ ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤት፣ ከውጭ የሚላክለት ቤተሰብ። ባለ ሦስት መኝታ አፓርትመንት በቅድመ ክፍያ ከሚገዙት ውስጥ ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ሁለተኛ መኪና ሊገዙ አስበው የነበሩት አሁን አንዱን ይዘው ቀርተዋል። ለእነሱ የታክሲ መያዣ ቅርበት የሁለተኛ መኪና ምትክ ነው። በሪል እስቴት ማስታወቂያ ላይ «የቅንጦት ኑሮ» እየተባለ የሚሸጠው ቤት ገዢ በአብዛኛው ይኸው ሰው መሆኑን አልሚዎቹ ያውቃሉ፤ በማስታወቂያው ላይ መናገሩን ግን ይጠሉታል። ታክሲ ማንሣት ክብር ይቀንሳል ብለው ይመስላል።

ከዋሽንግተን የመጣው ገዢ

ለየት ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ገዢ አለ፤ ከአሜሪካ የተመለሰው። በሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ሰው ባቡር ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ እዚያ አለ፤ ቤት ሲከራይም ሲገዛም «ከሜትሮ ስንት ደቂቃ ነው?» ማለት ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጣቢያ የተከፈተለት የዩ ስትሪት አካባቢ በኋላ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበት ሆነ፤ ዛሬ ቤቶቹ በቀላሉ የሚቀመሱ አይደሉም። በአርሊንግተን ከሮስሊን እስከ ቦልስተን ባሉት ጣቢያዎች ዙሪያ ጠበቃውና የመንግሥት ባለሥልጣኑ ጣቢያ አቅራቢያ ለመኖር ይከፍላል። በዚያው ከተማ ደግሞ ጆርጅታውን አለ፤ የሜትሮ ጣቢያ የለውም፤ ዋጋው ግን ከከተማው ውዶች ተርታ ነው። ሀብታሞቹ ባቡሩን ተቃውመው አስቀሩት ይባላል፤ የሜትሮውን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ግን መሐንዲሶቹ ከመነሻውም በቅጡ አላቀዱትም ይላሉ።

አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ባለገንዘቦች አንዱ ጣቢያ ሲገዛ ሌላው ለምን አልፈለገም? በዋሽንግተን መሐል መኪና ማቆም ውድ ነው፤ የጠዋቱ መጨናነቅ ጽኑ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ የራሱ መንገድ ስላለው መኪናውን ይቀድመዋል። ጠበቃው ባቡር የሚሳፈረው ሁለት ብር ለማዳን አይደለም፤ ጊዜ ለማዳን ነው። የጆርጅታውን ሰው ግን ብዙውን ነገር በእግሩ ያገኘዋል። በአዲስ አበባ ባቡሩ የራሱ ሐዲድ ቢኖረውም የምልልሱ ክፍተትና የተሳፋሪው መተፋፈግ ያተረፈውን ጊዜ በጣቢያ ላይ ያስበላዋል። መኪና ማቆሚያም እንደ ዋሽንግተን አያስመርርም፤ ሹፌር ያለው ሰው ደግሞ ጨርሶ አያስበውም። በዚህ ሁኔታ ባለመኪናው ባቡር አልሳፈርም ቢል ኩራት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሒሳቡ የሚለወጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በአውራ መንገዱ የቆመ መኪና መስኮት አጠገብ አውቶቡስ በራሱ መስመር ሲያልፍ የታየ ዕለት ነው፤ ባለገንዘቡ የመጀመሪያውን ሳምንት ይናደዳል፣ ሁለተኛውን ሳምንት ይቆጥራል።

በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅደው አዋጅ ጸድቋል። እነዚህ ገዢዎችና ከአሜሪካ የሚመለሱት ወገኖች ለጊዜው ቁጥራቸው ምንም ያህል ይሁን፣ ስለ ፌርማታ መጠየቅ የማያሳፍራቸው ባለገንዘቦች ናቸው። ደላላው መልሱን ማወቅ አለበት፤ ያውም በግምት «አምስት ደቂቃ» ሳይሆን ሄዶበት።

ቤት ለሚያየውም ሰው ከምሽቱ ጉብኝት ይልቅ የማለዳው ይበጀዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ደርሶ ዘበኛውን «ከየት ነው የምትመጣው? በስንት ታክሲ?» ብሎ ቢጠይቀው በካርታውም በማስታወቂያውም ላይ ያልተጻፈውን ይነግረዋል። ዘበኛው ገና ካልመጣም ያው መልስ ነው።